ክፍሉ አልሞላም ነበር

የሺዬ፣

ከተለያየን ይኸው ሰባት ዓመት ሞላን። የሰባት ዓመት ተዝካርሽን ባለፈው ቅዳሜ አወጣን። እናትሽ ከቡሬ ድንቹንም ጌሾውንም አስጭነው ቀደም ብለው መጡ፤ እንደ ልማዳቸው እኔን ዞር በል ብለው ጎረቤቱን ሁሉ ሲያዙ ሰነበቱ። ምሕረት ስድስተኛ ክፍል ገብታለች። ቁመቷ ትከሻዬን ሊነካ ነው። ሳቋ ያንቺው ነው፤ ግትርነቷንም ከእኔ አላመጣችውም።

ፍኖተ ሰላምን ብታዪያት አታውቂያትም። ጋሪው አሁንም አለ፣ ግን ባጃጁ መንገዱን ቀምቶታል። ያኔ በጥቂት ክፍሎች የጀመረው መሰናዶ ዛሬ የራሱ ግቢ አለው። ቡሬም መሰናዶ ተከፍቶ የናንተ አገር ልጆች ስንቅ ተሸክመው እዚህ ቤት መከራየታቸው ቀርቷል። ያ ትምህርቱን በጥድፊያ እያስተማረ ጉድ ያሰኘን የፕላዝማ ቴሌቪዥን ግን ከተበላሸ ቆየ፤ ሳጥኑ እንደተቆለፈ ግድግዳው ላይ አለ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በመጀመሪያ ዓመት የተማርኩት ሒሳብ ወደ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረደ ሲባል መምህሩ ሁሉ እንዴት እንደተደናገጠ ታስታውሻለሽ። መጽሐፉን ልዘጋጅበት ብዬ ቤት አመጣሁት፤ ቀድመሽ የጨረስሽው አንቺ ነሽ። በአንድ እጅሽ ምሕረትን አቅፈሽ እያጠባሽ፣ በሌላው እርሳስ ይዘሽ። አንድ አርብ ማታ ስታገለው ቆይቼ የተውኩትን ጥያቄ ሽሮው እስኪንተከተክ ሠርተሽ አስቀመጥሽልኝ። ቶሎ ቶሎ ሳስረዳሽ ደግሞ ፕላዝማ እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። እኔም እስቅ ነበር፤ ግን እውነቱን ልንገርሽና ደስ አይለኝም ነበር።

አሥረኛን ጨርሰሽ፣ መሰናዶ የሚያስገባ ውጤት ይዘሽ ነው ያገባሁሽ። ምሕረት ጡት ሳትጥል በመጣው መስከረም ትምህርት ቤቱ ትርፍ ቦታ ስላለ ባለፉት ዓመታት ያለፉትም ይመዝገቡ ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ወሬውን ያመጣሁልሽ ራሴ ነኝ። ደስታሽ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። እናትሽ ልጅቷን እኔ እይዛታለሁ አሉ። አንቺም ካርድሽን ሰጠሽኝና፣ አንተ እዚያው ስለሆንክ አስመዝግበኝ አልሽኝ።

ካርድሽ ኮቴ ኪስ ውስጥ ሦስት ቀን ዋለ። በመዝገብ ቤቱ በር ሳልፍ ነገ እሰጣለሁ እያልኩ አልፍ ነበር። በአራተኛው ቀን ምዝገባው ተዘጋ፤ እኔም ቤት ገብቼ ክፍሉ ሞላ አልኩሽ። እግዜር ካላለው ምን ይደረጋል ብለሽ ካርድሽን በነጠላሽ ጫፍ ጠርገሽ አስቀመጥሽው። ማታም እግሬን አጠብሽኝ።

ክፍሉ አልሞላም ነበር፣ የሺዬ። ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ባዶ ዴስክ ነበር፤ እያየሁት አስተማርኩ።

ለምን ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ የመምህር ሚስት ዩኒፎርም ለብሳ ከተማሪ ጋር ስትሰለፍ ጓደኞቼ ይስቁብኛል ብዬ ነበር። ይህም እውነት ነው፣ ግን ትልቁ አይደለም። ፕላዝማው ጥያቄውን ወርውሮ ሲያልፍ፣ እኔ ጠመኔ ይዤ ስደናበር እንዳታዪኝ ፈራሁ። ከእኔ ትበልጪ ነበር። ይህን ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ ሌላ ሰው እንዲያውቀው ግን አልፈለግኩም።

በሆስፒታሉ አልጋ ላይ፣ ድምፅሽ ሊጠፋ ሲል ምን እንዳልሽኝ አልረሳውም። ምሕረት ስታድግ ቦታው ሳይሞላ ቀድመህ አስመዝግባት አልሽኝ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን እጅሽን ይዤ እሺ አልኩሽ። እሺ ማለቴን ከመዋሸቴ የበለጠ አፍርበታለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ሰዉ ከተበተነ በኋላ ምሕረት እናቴ ሒሳብ ጎበዝ ከነበረች ለምን ከአሥረኛ አላለፈችም ብላ ጠየቀችኝ። አያቷ ቀበል አድርገው ቦታ ሞልቶባት ነው ልጄ አሏት፤ ከእኔ የሰሙትን ነው። እኔም በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ በሞትሽ ላይ ሌላ ውሸት አልጨመርኩም ብዬ ስጽናና ነበር፤ በተዝካርሽ ቀን ጨመርኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኔው ግን ብቻውን አልጠራም፤ ካልተናገርኩት አይጠራም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለሁለቱም እነግራቸዋለሁ። እናትሽ ከዚያ ወዲያ ቤቴን አይረግጡ ይሆናል። ልጅሽም ለስንት ጊዜ ፊቷን እንደምታዞርብኝ አላውቅም። ይሁን።

እስካለሁ አስታውስሻለሁ። ያኔ ለሰው እንዳወራሁት ግን ቦታ አጥታ የቀረች እያልኩ አይደለም። ቦታ ነበረሽ። የከለከልኩሽ እኔ ባልሽ ነኝ።