መድኃኒት ስንለው የኖርነው

አባዬ፣ አላህ ይዘንልህ። ከተለየኸን ሦስተኛው አረፋ አለፈ።

ዘንድሮም ለበዓሉ ከወልቂጤ ቡታጅራ፣ ቤታችን ገባሁ። የግቢው አጥር በቆርቆሮ ተተክቷል። የበርበሬ ማሳህን የያዘው ወንድሜ ከድር ነው፤ የተባይ መርዝ መርጫህንም የሚያዝለው እሱ ነው። እኔ ደግሞ አርግዣለሁ። ብትኖር መጀመሪያ የምነግረው ለአንተ ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያንን የተባይ መርዝ መድኃኒት ያልነው ለምንድን ነው? አገሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው፤ መድኃኒት ደግሞ አይፈራም። ልጅ ሳለሁ ቅማል ሲያስቸግረኝ ጥቂቱን በውሃ በጥብጠህ ፀጉሬን አጠብክልኝ። ዓይኔን እንዳይቆጠቁጠኝ ግንባሬን በመዳፍህ ከልለህ ነበር።

ወልቂጤ የምትከታተለኝን ሐኪም ጠየቅኋት፤ ያ ነገር እኔን አልፎ ልጄ ዘንድ ይደርሳል ወይ? የዘር ፊደላችን ሳይለወጥ፣ የትኛው ይነበብ፣ የትኛው ይታለፍ የሚለው ምልክት ግን በምንተነፍሰውና በምንነካው ነገር ሊለወጥ ይችላል አለችኝ። አንተ ቁርኣን ስታስቀራኝ ትዝ አለኝ፤ ፊደሉ ያው ሆኖ ከላዩ ያለው የፈትሓ ምልክት ከሥር በሚጻፈው በከስራ ሲተካ ንባቡ ሌላ ይሆናል። ሐኪሟ እንዳለችኝ የዘሩ ምልክት እስከ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ በእንስሳት ታይቷል፤ በሰው ላይ ግን ገና አልተረጋገጠም። በመጨረሻ ዘመንህ እጅህን ያንቀጠቀጠው ያ መርዝ ይሁን አይሁን እንኳ የሚነግረኝ የለም።

ይህን ለከድር ባወራለት ሳቀብኝ። አባታችን እየረጨ ስድስት ልጅ አሳደገ፣ አንቺ ወልቂጤ ገብተሽ ነው ወይ ፅንስሽ እንደ እንቁላል ተሰባሪ የሆነው ብሎ ተረበኝ። ሚስቱ ከጓዳ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እኔም ፅንስ ይዣለሁ እኮ፣ ያ መርጫህም አልጋችን ሥር ነው ያለው አለች። ለሁላችንም አዲስ ወሬ ነበር። የከድር ሳቅ አፉ ላይ ቀረ። የበዓል ልብሱን እንደለበሰ ጎንበስ ብሎ መርጫውን ጎትቶ አወጣና ከቤት አርቆ ለብቻው አኖረው። ተመልሶም እጁን ደጋግሞ ታጠበ።

በአንተ ልፈርድ አይደለም የምጽፈው። ያልተነገረህን ከየት ታውቀዋለህ?

አባዬ፣ ልጄ ከአንተ ምን እንደሚወርስ ለማወቅ እጓጓለሁ፤ የማውቅበት መንገድ ግን የለኝም። ሲስቅ እንደ አንተ ዓይኑ የሚጠፋ ከሆነ ግን ሐኪም አልጠይቅም። አያትህ የሚስቀው እንዲህ ነበር እለዋለሁ። እጅህ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበርም አልደብቀውም። እስካለሁ ድረስ ሁለቱንም ይዤ አስታውስሃለሁ።

ልጅህ