ለፏፏቴው የተሰፋ ካፖርት

ይድረስ ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ አባዬም ደህና ነኝ ይላል።

ዕድሜውን ሙሉ ስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሮ «ተራራ የሚወጣ ሥራ ያጣ ነው» ሲል የኖረው ሰውዬ፣ አሁን ተነሥቶ ሁላችንም ተራራው ጫካ ውስጥ ገብተን ፏፏቴ ካላየን ብሏል። «ምን ታየህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ውሃ ማየት ክልክል ነው እንዴ?» አለኝ። የመረጠው ግን መኪና እስከ አፋፉ የሚያደርሰውን ፏፏቴ ነው። እማዬም እሺ ብላዋለች። እማዬ! ያለ ክርክር!

ሱሪውን ወገቡ ላይ ሁለቴ አጥብቦታል። «ጨርቁ ተለጥጦ ነው» ይላል። ያንኑ ጨርቅ ለደንበኞቹ «ለልጅህ ታወርሰዋለህ እንጂ አይለጠጥም» እያለ የሰፋላቸው እሱ ራሱ ነው። እኔም ያመንኩ መሰልኩ።

የውሃው ርጭት እንዳያበሰብሰን ለእያንዳንዳችን ካፖርት እየሰፋልን ነው፤ ያንተንም ጨምሮ። «እሱ እኮ ዘንድሮ አልመጣም ብሏል» ስለው፣ «ልብስ ቢጠብቅ ምን ይሆናል?» አለና ጠርዙን ሳይቀመቅም ሰቀለው። ባለቤቱ ለብሶት ፊቱ ካልቆመ እንደማይቀመቅም ታውቃለህ።

ስለዚህ ለፏፏቴው ባይሆን እንኳ ለልኬቱ ብለህ ና።

እስክንገናኝ ሰላም ሁንልን፤ ብቻ ብዙ አንቆይ።

እህትህ