ታንኳ ፈታሿ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 4

ተራ ቀን። ጎመን ቀነጠስኩ፣ ልብስ አጠብኩ፣ ከሰዓት በኋላ ቀበሌ ገባሁ። የሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ነኝና ሐሙስ ሐሙስ ከስብሰባ ማን ያስቀረኛል። ስለ ምርት ዘመቻ፣ ስለ መሠረተ ትምህርት፣ ስለ ጽዳት… እንቅልፌ ሲመጣ ሊቀመንበሩ ጓድ ታገኘ ጉሮሮውን ጠራረገና «ቀጣዩ አጀንዳ ታንኳ ነው» አለ። ነቃሁ።

የግድቡ ነገር ነው። ከዳባት በታች፣ ለከብት ማጠጫ ተብሎ አምና የተገደበው ውሃ በክረምቱ ሞልቶ ትልቅ ሆኗል። ዘበኛው አያ አሻግሬ የጎርጎራ ሰው፣ ጣና ዳር ያደገ። ደንገል የሚሉትን የሐይቅ ቄጠማ በጭነት መኪና አስመጣና ሁለት ታንኳ ሠራ። ይኸው እሑድ እሑድ አስተማሪው፣ የጤና ጣቢያው ሰው፣ ሙሽራው ሁሉ እየሄደ ይንሸራሸራል። መቼም ለዚህ ሰውዬ ስም ያወጣለት ነቢይ ነው… አሻግሬ።

«ሰው ሳይሰምጥብን ፈታሽ ይመደብ» አለ ጓድ ታገኘ። እውነቱን ነው። ዳባት ውስጥ ዋና የሚችል ማን አለ? ደገኞች ነን። የእማሆይ አልጣሽ ጥጃ ገብታ ስትቀር ዳር ቆመን ከማልቀስ በቀር ምን አደረግን?

«ማን ይሁን?» ወንዶቹ ጫማቸውን ያያሉ። ጎኔ የተቀመጠችው ይታይሽ በክርኗ ጎሰመችኝ። «ገበያነሽ ትሁን። እሷ ከዚህ ብትጮህ ደባርቅ ይሰማል።» ሳቁ። እጅ ወጣ። በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ለባሌ ለላቀው ነገርኩት። ከልብስ ስፌት መኪናው ቀና ሳይል «እህ» አለ። በቃ፣ ይኸው ነው የሱ ወሬ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሁለታችንንም የማወራው እኔ ነኝ።

ግን ደስ ብሎኛል። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 6

አያ አሻግሬ ሥራውን አስተማረኝ። ደንገሉን በአውራ ጣት ጫን። ውሃ ካቀረረ ጠጥቷል ማለት ነው፣ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይቁም። «ታንኳም እንደ ሰው ነው፣ ሲደክመው ይጠጣል» አለ። ባንድ ታንኳ ከሦስት ሰው በላይ የለም። ጫማ ይወልቃል። እያንዳንዱ ሰው የተነፋ የፍየል ስልቻ ደረቱ ላይ ያስራል፣ ቢወድቅ እንዲያንሳፍፈው። መንፋቱ ግን… ጉንጬ እስኪያመኝ ነፋሁ። ይታይሽ «ጡሩንባ ነፊ ሆንሽ» እያለች ሳቀችብኝ።

አያ አሻግሬን «አገርህ አይናፍቅህም?» አልኩት። «ታንኳ እያለኝ ምን ይናፍቀኛል» አለ። እጁን ታንኳው ላይ አድርጎ ነበር፣ በቅሎ እንደሚያባብል ሰው።

እሑድ፣ ጥቅምት 7

ኧረ ጉድ… እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። 

የመጀመሪያው ተሳፋሪ መምህር ክንዴ። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፣ ስለ ውቅያኖስ የሚያስተምረው። ወደ ውሃው ሲመጣ «ለፍተሻ» ስለው ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። «የቤት ፍተሻ አይደለም፣ አንተ ልጅ፣ እጅህን አውርድ» አልኩት። ጫማውን አወለቀ፣ ስልቻውን አሰርኩለት፣ ሄደ። ኮራሁ።

መሃል ሲደርስ ምን ባይ ጥሩ ነው? ስልቻውን ፈትቶ ተንተርሶታል። በጀርባው ተንጋሎ ሰማይ ያያል። ደሜ ፈላ። ባለኝ ድምፅ ሁሉ «መምህር ክንዴ፣ ቁም» አልኩት።

ቆመ።

ባንዲራ ሲሰቀል እንደሚቆመው፣ ቀጥ ብሎ። ታንኳው ወዲህ፣ እሱ ወዲያ… ጥልቅ። ስልቻው ብቻውን ተንሳፈፈ። አያ አሻግሬ በሌላው ታንኳ ደርሶ በኮቱ ኮሌታ ይዞ ባይጎትተው ምን እንጽፍ ነበር ዛሬ?

ሣሩ ላይ አስተኛነው። ውሃውን ሲተፋ ቆየና «እትዬ ገበያ፣ ቁም አሉኝ፣ ቆምኩ» አለ።  በዚህ ዘመን ቁም ተብሎ የማይቆም ማን አለ? እኔ ያልኩት ታንኳውን አቁም ነው፣ እሱ የሰማው ተነሥ ነው። ቃሉ አንድ ነው እኮ። ይታይሽ በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ ዞሬ ውሃውን አየሁት። ሰው ልገድል ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9

ወሬው አውራጃ ደርሷል። ታንኳዎቹ ከውሃ ወጥተው ታሰሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጓድ ዝናቡ የሚባል የአውራጃው ሰው መጥቶ ያያል። ካላመነበት ይፈርሳሉ፣ ደንገሉ ለከብት በረት ክዳን ይሆናል። ጓድ ታገኘ «እኔ ምን ላድርግ፣ ከላይ ነው» ይላል። እሱም አዝኗል። ባለፈው ባለቤቱን ይዞ ሲንሸራሸር አይቼዋለሁ፣ እንዳላየ ሆንኩ እንጂ።

አያ አሻግሬ ጋ ሄድኩ። ዕቃውን አንድ ጥግ ሰብስቦታል። «ከፈረሰ ጎርጎራ እገባለሁ» አለ። «ውሃ እያዩ ውሃ ላይ አለመውጣት… አልችለውም፣ ገበያነሽ።» እኔን አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

እንዲህማ አይሆንም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 10

ቃል ፍለጋ ዋልን። እኔ፣ ይታይሽ፣ አያ አሻግሬ፣ ጉንፋን የያዘው መምህር ክንዴ።

«አቁም» ብንልስ? ክንዴ፣ «እኔ ብሆን መቅዘፊያውን ነው ቀጥ አድርጌ የማቆመው» አለ። «ቁጭ በሉ» አለች ይታይሽ። አይሆንም፣ የተቀመጠን ሰው ቁጭ በል ብትይው ተነሥቶ ነው እንደገና የሚቀመጠው። «በሕግ አምላክ» አልኩ እኔ። አባቶቻችን ሰው የሚያስቆሙበት አይደል? ክንዴ ሳቀ። «በሕግ አምላክ የተባለ ሰውማ እንደ ምሰሶ ነው ቀጥ የሚለው፣ እትዬ። አንዴ ሰምጫለሁ፣ ይበቃኛል።»

አያ አሻግሬ መቅዘፊያውን ሲጠርግ ቆየ። ከዚያ «አባቴ ‹ርጋ› ነበር የሚለኝ» አለ።

ርጋ… አፌ ላይ ሞከርኩት። ርጋ፣ ርጊ፣ ርጉ። ይህን ሰምቶ የሚነሣ ሰው የለም። ይህን ሰምቶ ትከሻው የማይወርድ ሰውም የለም። እንዴት ያለ ቃል ነው? እስከ ዛሬ ለወተት ብቻ ስናባክነው ኖርን።

እሑድ፣ ጥቅምት 14

ታንኳው ስለታሰረ ሣር ላይ ተለማመድን። እኔ ዳር እቆማለሁ፣ የማኅበሩ ሴቶች በየብስ ላይ ታንኳ ውስጥ ተቀምጠው አየር ይቀዝፋሉ። «ርጉ» ስል እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጸጥ። የገበያ ሰው ቆሞ አየን። አንድ ሽማግሌ «እነዚህ ሴቶች ወዴት ነው የሚሄዱት?» ብለው ጠየቁ። ይታይሽ «ምጽዋ፣ አባባ» አለቻቸው።

እንዲህ ስቄ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 17

ላቀው ለስልቻዎቹ ሁሉ ማንገቻ ሰፋላቸው። አላዘዝኩትም። «እንኪ» ብሎ አስቀመጠው።

እሑድ፣ ጥቅምት 21

ከየት ልጀምር… 

ጓድ ዝናቡ መጣ። ረጅም፣ ቦት ጫማ፣ ሽጉጥ በወገቡ፣ ሁለት ጠባቂ። ፊቱ የተዘጋ በር ነው። ግማሽ ዳባት ዳር ላይ ቆሟል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ ቀጥታ ወደ ታንኳው። አንድ እግሩን አነሣ።

ዝም ብል ማን ይፈርድብኛል? የአውራጃ ሰው ነው። ግን በነቦት ጫማው፣ በነብረቱ፣ ያለ ስልቻ… ቢወድቅ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ነው የሚወርደው። እሱም አለቀለት፣ ታንኳውም፣ አያ አሻግሬም። አፌ ቀደመኝ።

«ይርጉ፣ ጓድ።»

ረጋ። እግሩ እንደተነሣ። 

«እኔን ነው?» አለ።

«አዎ፣ ጓድ። ጫማዎን ያውልቁ። ሽጉጡን ለጠባቂዎ ይስጡ። ስልቻ አስርልዎታለሁ።»

«እኔም እፈተሻለሁ?»

«በተለይ እርስዎ። በጣም ከባድ ነዎት።»

ጓድ ታገኘ ዓይኑን ጨፈነ። ጓድ ዝናቡ ሽጉጡን ፈትቶ ለጠባቂው ሰጠ። ጫማው ላይ ግን ቆም አለ። ጎንበስ አለና በጆሮዬ «ጓዲት… ካልሲዬ ተቀዷል» አለኝ።

ወይ ጌታዬ፣ ለካ የፊቱ በር የተዘጋው ለዚህ ነው። ዞር ብዬ፣ ደባርቅ በሚሰማው ድምፄ፣ «እናንተ፣ እስቲ ወደ ስሜን እዩ፣ ያ ደመና እየመጣ ነው እየሄደ?» አልኩ። ሁሉም ዞረ። ደመና አልነበረም። ግን ይታይሽ «እየመጣ ነው» አለች፣ ሌላዋ «የለም፣ እየሄደ ነው» ብላ ተሟገተቻት። እስኪስማሙ ጫማና ካልሲ ወልቆ፣ ስልቻ ታስሮ አልቋል።

አያ አሻግሬ ቀዘፈ። መሃል ላይ ነፋስ ነካቸው፣ ታንኳው ዘንበል አለ፣ ሰውየው ደንግጦ ከመቀመጫው ብድግ ሊል… «ይርጉ» አልኩ። እጁን ጭኑ ላይ አደረገ። ቀጥ አለ ታንኳው።

ሲመለሱ «ሰው ቢወድቅስ?» ብሎ ጠየቀ። መልስ ሳልሰጥ መምህር ክንዴ ስልቻውን እንዳሰረ ዘሎ ገባ። ተንሳፈፈ። ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ «ይኸው፣ ጓድ፣ አልሰመጥኩም… ግን ይበርዳል» አለ።

ጓድ ዝናቡ ሳቀ። ሲስቅ ወጣት ነው ለካ። አያ አሻግሬን «አንድ ዙር ጨምርልኝ» አለው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 22

ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ። «ያለ ጓዲት ገበያነሽ ታንኳ እንዳይነሣ።» ይቀጥላል ማለት ነው። አያ አሻግሬ ዕቃውን ፈትቶ ወደየቦታው መለሰ።

እሑድ፣ ኅዳር 5

ግድቡ ዳር የሚመጣው ሰው በዛ። እማሆይ አልጣሽ እንኳ መጡ፣ ለማየት ነው ብለው። እኔም እንደ ባለፈው እሑድ አውራ ጣቴን ደንገሉ ላይ፣ ስልቻዬን አፌ ላይ አድርጌ ሥራዬን ጀመርኩ። አያ አሻግሬ መቅዘፊያውን መሬት ላይ ተክሎ «አልሄድም» አለ።

«ምን ሆነህ?»

«የተጻፈው ምንድን ነው? ያለ ገበያነሽ ታንኳ እንዳይነሣ። ባለፈው እሑድ ታንኳው ሲነሣ አንቺ የት ነበርሽ? ዳር ላይ። ታዲያ ያለ አንቺ አይደል የተነሣው? ትእዛዝ ጥሰናል።»

«እንዲያ ለማለት አይደለም እኮ…»

«ከላይ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ» አለ፣ በጓድ ታገኘ ድምፅ። ጓድ ታገኘ ራሱ ሳቀ።

ይታይሽ ፈተሸችኝ። ጫማዬን አስወለቀች፣ ነጠላዬን ተቀበለች። ማንገቻው ደረቴን አልዞር ብሎ ስንታገል ላቀው ከኋላ መጥቶ፣ ምንም ሳይል፣ አስረዝሞ ቋጠረልኝ። እሑድ ከቤት ወጥቶ የማያውቀው ሰውዬ።

ውሃ ላይ መሆን… ምን ብዬ ልጻፈው? ከታች ይቀዘቅዛል፣ ከላይ ፀሐይ። ታንኳው ይተነፍሳል። የስሜን ተራራ ሁለት ሆኖ፣ አንዱ ላይ፣ አንዱ እግሬ ሥር። ይህን ሁሉ ጊዜ ዳር ቆሜ ሰው ስጠብቅ እነሱ ያዩ የነበረው ይህን ነው? ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልመጣልኝም።

መሃል ስንደርስ አያ አሻግሬ መቅዘፉን ተወ። ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ዳር ላይ የሚወራው ሁሉ ውሃው ላይ እየተንሸራተተ ይመጣል፣ ጆሮዬ ሥር ቆመው እንደሚያወሩ ያህል። እማሆይ አልጣሽ «አሁን እኔን ይችለኛል?» ሲሉ። ጓድ ታገኘ ሲያስል። ከዚያ ይታይሽ።

«በል ላቀው፣ ዛሬ እንኳ ጆሮህ አረፈ።»

እሱ ዝም አለ። እንደሚያደርገው። ከዚያ ደግሞ…

«ምን ያርፋል። ሃያ ዓመቴ ነው፣ እስካሁን አልጠገብኳትም።»

አያ አሻግሬን አየሁት። መቅዘፊያውን ያያል፣ ልክ ዛሬ የተሠራ ይመስል። «ዳር ያሉት እንደሚሰማ አያውቁም» አለ በቀስታ። «እንዳትነግሪያቸው።»

ቤት ስንገባ ላቀው «እንዴት ነበር?» አለኝ። «ጥሩ ነበር» አልኩት።

ሌላውን ለራሴ አስቀረሁት።