ማብላያ የሚለው ቃል

ቡታጅራ፣ ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ዛሬ የሟች ባሌ እህት ዘይነባ ሲብላላ የከረመውን ቆጮ ከጉድጓድ ልታወጣልኝ መጣች። ከእሱ ወገን ደጄን የምትረግጠው እሷ ብቻ ናት። የእንሰት ቅጠሉን ስገልጥ ለብ ያለ ሙቀት እጄን ነካኝ።

«ምድርም ከውስጥ እንዲህ ነው የምትሞቀው የሚሉ ምሁራን አሉ» አልኳት። «ሆዷ ውስጥ ሰው ያልሠራው የኒውክሌር ማብላያ ሳይኖር አይቀርም ይላሉ።»

«ማብላያ?» አለች። «ወንድሜን ሳታበዪ የቀበርሽ ሴትዮ፣ ስለ ማብላያ ልታስተምሪኝ?»

እውነቷን ነው። በመጨረሻ ቀኑ እኔ መጽሐፍ ላይ አቀርቅሬ ሳለሁ ሾርባው ቀዘቀዘበት።

ድርሻዋን ሳትወስድ ሄደች። አልጠራኋትም፤ ጠልቻታለሁ። ቃሉ የመጣው ከማብላላት እንጂ ከማብላት አይደለም ልላት እችል ነበር። አሁን ያንኑ መጽሐፍ ገልጬ ማብላያ የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ግን እኔም የማነበው እሷ ያለችውን፣ ማብላትን ነው።