ስም ያልወጣለት ፊደል

ለውድ እህቴ ለእታለም አመተ ሥላሴ፤

እንደምን ከርመሻል? ያ የወገብሽ ሕመም ተወት አደረገሽ ወይስ አሁንም ሲበርድ ይቀሰቅስሻል? ጋሽ ዘመነስ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። እማ ሳሉ አላስተኛት ብሎ ሰነበተ፤ አሁን ግን ተነሥታ ቤተ ክርስቲያን መሳም ጀምራለች። ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ ሳምንት ይጠፋል፤ ሲገኝም ድምፅሽ እየተቆራረጠ ሆዴን ያባባዋል። እናም ዓባይን ተሻግሮ ወደዚያ የሚዘልቅ ሰው ሳገኝ በወረቀት ይሻለኛል አልኩ።

እታለም፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደክሞኛል። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከርሞ ሲከፈት፣ አንደኛ ክፍል የመጡልኝ ልጆች ታናሽና ታላቅ አንድ ላይ የተቀላቀሉ ናቸው። ደረሱ ስል ይረሱታል፤ ያዙት ስል ይጠፋባቸዋል። ማታ ቤት ስገባ ነጠላዬን ሳላወልቅ የምተኛበት ቀን ብዙ ነው።

ከእነዚህ መካከል ሊድያ የምትባል ልጅ አለች፤ የእህል ነጋዴው የየኔሰው ልጅ። ዓይኗ ደካማ ነው። መነጽር ታዞላታል፣ ያን ያህል አልረዳትም። መጽሐፉን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ እንኳ ቡ እና ቢ፣ ሉ እና ሊ ይምታቱባታል። ልጆቹ ሲስቁባት እያለቀሰች ቤቷ ትገባለች። በገና ሰሞን አባቷ መጣና፣ ፈጣሪ ዓይን ለነሳት ልጅ ፊደል ምን ይሠራላታል፣ ከፋሲካ ወዲያ ከእናቷ ጋር ትዋል አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ልቅሶዋ አንጀቱን በልቶት ነው።

በዚያው ሰሞን ዕቃ ቤቱን ስናጸዳ ከአንድ ካርቶን ውስጥ የቆዩ የንባብ ካርዶች አገኘሁ። ፊደሎቹ እኛ ከምናውቃቸው ይለያሉ። የቡ ክንድ ረዘም ብሎ ወጥቷል፤ የቢ እግር ጎላ ብሎ መሬት ይዟል፤ እርስ በርሳቸውም አልተጠጋጉም። እንዲያው ልሞክር ብዬ አንዱን ለሊድያ ሰጠኋት። ሳትደናቀፍ አነበበችው። ሌላ ጨመርኩላት፤ እሱንም። ግን ካርዶቹ ዘ ላይ ያበቃሉ። የቀረው ጠፍቶ ይሆናል፣ ፎንት የሚሉትን የኮምፒውተር ፊደል ስም ካወቅሁ የክፍሉን መጽሐፍ በሙሉ በዚሁ ፊደል አስጽፍላታለሁ ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ወዲያ ያልደከምኩት ድካም የለም። እዚህ ቢቸና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ያለው ስጦታው ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ፎንት ሁሉ አንድ በአንድ እያወጣ አስተያየልኝ፤ አንዱም ከካርዶቹ ጋር አልገጠመም። በኢንተርኔት እንዳንፈልግ እሱም የለም። መጽሐፉን በፎቶ ኮፒ አተለቅነው፤ ፊደሉ ቢተልቅም መምታታቱ አልቀረም። በእጄ ጻፍኩላት፤ የእኔ ቡ ደግሞ ከገጽ ገጽ መልኩ ይለዋወጣል። በመጨረሻ ጡረታ የወጡት መምህር ኃይለ ሚካኤል ካርዶቹን አይተው፣ እነዚህስ ድሮ ከሞጣ የመጡ ናቸው፣ ሣህለ ማርያም የሚባል ጽሕፈት ቤት የነበረው ሰው ነው ያተማቸው አሉኝ።

በመንፈቁ ዕረፍት ሞጣ ሄድኩ። መኪናው መንገድ ላይ ቆሞ አዋለን፤ አቧራ ለብሼ ደረስኩ። ቤታቸውን አላጣሁትም። አቶ ሣህለ ማርያም ሸምግለዋል። ካርዱን አገላብጠው ካዩ በኋላ የፎንቱን ስም ብጠይቃቸው፣ «ስም የለውም» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ሐና እንደ እኔው የአንደኛ ክፍል መምህርት ነበሩ። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ፣ ማስተማሩን እንዳይተዉት ብለው ባልዬው ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ተራ ፊደል ከፍተው፣ ክንዱንም እግሩንም በየተራ እያስረዘሙ አሠናዱላቸው። ባል ይህን ታያለሽ ወይ ይላሉ፤ ሚስት ይህን አያለሁ፣ ያን አላይም ይላሉ። ዘ ላይ ሲደርሱ የወይዘሮ ወለተ ሐና ዓይን ጨርሶ ጨለመ። ካርዶቹ አልጠፉም፣ እታለም፤ ቀድሞውንም አልተሠሩም። «ከዚያ ወዲያ ለማን ልሥራው?» አሉኝ።

ወይዘሮ ወለተ ሐና ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ እየሞቁ ያዳምጡናል። የልጅቱን ስም ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና ወደ ባላቸው ዞረው፣ «ድም ያም አልተሠሩም እኮ፣ ሣህሌ። ስሟን እንኳ መጻፍ አይቻልም» አሏቸው። አቶ ሣህለ ማርያም ተነሡ። ገብተው ጨርቅ የለበሰውን ኮምፒውተር ከፈቱና ያለውን በፍላሽ ሰጡኝ። ስለ ቀረው ቃል አልገቡልኝም፤ እኔም ፊታቸውን አይቼ መለመን አቃተኝ።

ያለውን ይዘን ሠራን። የጎደለውን በተራው ፊደል ስንሞላው ሊድያ እስከ ዘ ያሉትን ፊደሎች ታነብና ከዘ ወዲያ ባሉት ላይ ትደናቀፋለች። ያን ጊዜ በቃኝ ብዬ ነበር። ከሰነበተ በኋላ የሞጣ መኪና ሹፌር በጨርቅ የተቋጠረ ፍላሽ አመጣልኝ። እስከ ፐ ድረስ አልቋል። የጨ እግሮች ትንሽ ተዛብተዋል፤ ሌላው ግን እንደ ፊተኞቹ ነው። ወይዘሮ ወለተ ሐና በሹፌሩ አፍ እንዲህ ብለው ልከውብኛል፦ «እያንዳንዱን በጣቱ መዳፌ ላይ እየሣለ፣ ለየሽው ወይ እያለ ነው የጨረሰው።»

የኔሰውን ከገበያ አስጠራሁት። ሊድያ ስለ ቀበሮና ስለ ዶሮ የሚያወራውን ምንባብ በጣቷ እየተከተለች፣ ዝግ ብላ ከላይ እስከ ታች አነበበች። አባቷ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር። ስትጨርስ፣ «እስቲ ድገሚልኝ» አላት። ደገመችለት። ስለ ፋሲካ ምንም ሳይናገር ወጣ፤ ልጅቱ ግን ፋሲካው አልፎም ትመጣለች።

ድካሙ አልቀለለም። መብራት ሲመጣ ወረቀት ይጠፋል፣ ወረቀት ሲገኝ መብራት ይሄዳል፤ ስጦታውም ባየኝ ቁጥር ይተክዛል። ማስተማሩን ትተሽ ሐዋሳ ነይ፣ ሱቁን አብረን እንይዛለን ያልሽኝ ደርሶኛል። ቅር እንዳይልሽ፤ እንደ ዘንድሮ መሄድ አምሮኝ አያውቅም። ግን የሊድያ መጽሐፍ ገና ከግማሹ አልፈቀቀም፤ እስኪያልቅ አትጠብቂኝ።

ጋሽ ዘመነን ከወንበራቸው ሳይነሡ ሰላም በይልኝ። አምላኩን ግንባሩን፣ ትንሿን ይርጋለምን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ለጎረቤትሽ ለወይንእሸት፣ ያኔ ስመጣ ስላስተናገደችኝ ምስጋናዬን አድርሺልኝ። እማ እዚሁ አጠገቤ ሆና፣ ወገቧን በሙቅ ውኃ ትታጠብ በያት ትላለች። እኔም ናፍቄሻለሁ።

እህትሽ ስርጉት
ቢቸና፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.