ከሊዝበን ማዴይራ፣ ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ

ሰኞ፣ ማርች 3

…ልብስ ስታሰጣ መቆንጠጫውን በጥርሷ እንደያዘች ቀና ትልና፣ «ይሄኛው አያርፍም» ትለን ነበር። እውነትም አውሮፕላኑ ከጣራችን በላይ ዝቅ ይልና፣ ነፋሱ ሲያላጋው ተመልሶ ይነሳል። እማዬ። ዛሬ እዚህ ሊዝበን ትራም ውስጥ ለምን ትዝ አለችኝ?

ማምሻውን እህቴ ኢዳሊና ከደሴታችን ከማዴይራ ደወለች። እማዬ መብላት አቁማለች። ሐኪሙ «ልጆቿ ይሰብሰቡ» ብሏል። የጎደልኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ለነገ ትኬት ቆረጥኩ። ኢዳሊና ጮኸችብኝ።

«ነገ? አብደሻል እንዴ ዜሊያ? ባሕሩ እኮ በማዕበል ነጭ ሆኗል፣ ከዚህ እያየሁት ነው። ሐሙስ ይረጋል። ሐሙስ ነይ።»

ደሴት ላይ ያደገ ሰው የአየር ትንበያ አይሰማም። ባሕሩን የሚያይለትን ሰው ነው የሚሰማው። ቀኑን ቀየርኩት።

ረቡዕ፣ ማርች 5

የዛሬዎቹ አውሮፕላኖች በሙሉ ማዴይራ አረፉ።

ሐሙስ፣ ማርች 6

ዘጠኝ መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር ገደማ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ እኔ ስንቴ ቤቴን ከላይ ተሳልሜ ሊዝበን አድሬያለሁ» ብለው ሳቁ። አልሳቅኩም።

ዝቅ አልን። ቤታችንን አየሁት። የጓሯችንን ሙዝ። የእማዬን መስኮት… መጋረጃው ተከፍቷል። ክንፉ አዘነበለ፣ ተነሳን። ደግሞ ሞከረ። ደግሞ መስኮቱ። ከዚያ ባሕር ብቻ፣ እስከ ሊዝበን።

ደወልኩ።

«የአውሮፕላኑን ድምፅ ሰማች እኮ» አለች ኢዳሊና። «‹የሷ ነው› አለች። ጸጉሬን አበጥሩልኝ አለች። ደግፈን አስቀመጥናት።»

«ወደ ሊዝበን መመለሴን ነገራችኋት?»

«ሻንጣዋን እየጠበቀች ነው አልናት።»

«ምን አለች?»

«‹ቁም ሳጥን ነው እንዴ ያመጣችው?›»

ሁለታችንም ሳቅን። ታዲያ አሁን… እየጠበቀችኝ ነው?

ዓርብ፣ ማርች 7

እማዬ ንጋት ላይ አረፈች። እንደተቀመጠች።

ነፋሱ አልቆመም። ዛሬ በረራ የለም።

ቅዳሜ፣ ማርች 8

ቅጠል አይነቃነቅም። አብራሪው ከሰዓታችን ቀድመን ደረስን አለ፣ ደስ ብሎት። ጎማው መሬት ሲነካ ሰው ሁሉ እንደ ልማዳችን አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እጄ ነው… እኔ አይደለሁም።

ለቀብሩ ደረስኩ። ለቀብሩማ ደረስኩ።

ጎረቤቶቹ ሲሄዱ እኔና ኢዳሊና ወጥ ቤት ቀረን። ቀኑን ሙሉ ዓይኔን አላየችም። ሾርባ ቀዳችልኝ።

«ብዪ እንጂ።»

«አንቺስ?»

ወደ ሳህኔ እያየች፣ «ሐሙስ ነይ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ረቡዕ ሁሉም አረፉ። እዚህ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ሰማኋቸው።»

«ኢዳ… ነፋስ እኮ ነው።»

ተነሳች። ወደ እማዬ ክፍል ገባችና በሩን ዘጋችው።