ለጉብኝት መጥቶ ለተመለሰው ድርቆሽ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ አምደሚካኤል ፍሥሐ፣
የጎሽ ሜዳ ወረዳ የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? እኛ፣ ከሞቱት ከብቶቻችን በስተቀር፣ ሁላችንም ደኅና ነን።

ዝናብ ከራቀን ሦስተኛ ዓመት በያዘበት በመጋቢት፣ ባለቤቴ ገዳሙና እኔ ሃያ ከብቶቻችንን መራመድ ሳያቅታቸው በፊት ጉንደ ወይን ገበያ ወስደን ልንሸጥ ስንነዳ፣ እርስዎ በመኪና ደርሰው ከመንገድ መልሰውናል። እርባታችን ለእንግዶች የሚታይ አርአያ ስለሆነ መበተን እንደሌለበት ነገሩን። ገዳሙ የሚበሉት እንደሌለ ቢያስረዳዎ፣ «አበልጅ አይደለንም እንዴ? ልጅህን ክርስትና ያነሣሁ ሰው አልዋሽህም፤ ድርቆሹን ለእኔ ተወው» አሉት። እሱም ላሞቹን ወደ ቤት አዞረ።

አንደኛ፣ ቃልዎን ስለጠበቁ አመሰግናለሁ፤ በእንግዶቹ ጉብኝት ዋዜማ አንድ አይሱዙ ሙሉ ድርቆሽ በራችን ላይ ተራግፏል።

ሁለተኛ፣ እንግዶቹ ከድርቆሹ ፊት ፎቶ ተነሥተው፣ ጠላችንን ቀምሰው እንደሄዱ ያው አይሱዙ ተመልሶ ድርቆሹን በሙሉ ስለጫነልን አመሰግናለሁ። ሾፌሩ፣ ምስኪን፣ ነገ ሌላ እርባታ እንደሚጎበኝ አንገቱን ደፍቶ ነገረን። ላሞቹ መኪናውን እስከ ድልድዩ ድረስ ተከትለውት ተመለሱ። ገዳሙ ሲደውልልዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ሳምንቱን በሙሉ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ለአገር መድከምዎን እናደንቃለን።

እስከ ግንቦት መጨረሻ አሥራ አራቱ አለቁ። ቦራ የምንላትን እናት ላም መነሣት ሲያቅታት ከሆዷ ሥር ጆንያ አስገብተን ሦስት ቀን ደግፈን አቆምናት፤ በአራተኛው ቀን እኛም ደከመን። ገዳሙ ለከብቶቹ አላለቀሰም። ያለቀሰው ጎረቤቶች «ለምን ሳትሸጣቸው ቀረህ?» ብለው ሲጠይቁት፣ የእርስዎን ስም ለመጥራት አፍሮ «ሞኝነቴ ነው» ያለ ዕለት ነው።

ሦስተኛውን ምስጋና ለሰኔ ዝናብ ላቀርብ አስቤ ነበር፤ እሱ ግን ቃል አልገባልንም ነበርና ተውኩት። አሁን ሣሩ እስከ ጉልበት ደርሷል፣ አብዛኛው የሚግጠው አጥቶ ይወዛወዛል።

በስድስት ከብት የከብት እርባታ አርአያ መሆን የሚቻልበትን መመሪያ እስኪልኩልን በትሕትና የምትጠባበቅ፣

አበልጅዎ ሥራነሽ ይታያል

ማስታወሻ፦ ስድስቱ ከብቶች እንዴት እንደተረፉ ለሪፖርትዎ ሳያስፈልግዎ አይቀርም። እናትዎ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ነገሩን ሰምተው፣ ከራሳቸው ላም ቀንሰው፣ በየሳምንቱ በአህያ ጭድ ይልኩልን ነበር። «ልጄ እንዳይሰማ፣ ያፍራል» ብለው አስምለውን ስለነበር እስከ ዛሬ ዝም አልን። አሁን ግን እርስዎ እንደማያፍሩ አረጋግጠንላቸው እንድንናገር ፈቅደውልናል።